አጸፋዊ ትብብር

አራት ሰዎች ጨዋታ ላይ ተቀምጠዋል እንበል። ለእያንዳንዳቸው 20 ነጥብ ተሰጥቷቸዋል፤ ነጥቡ በኋላ በገንዘብ ይመነዘራል። የፈለገ ለራሱ ያስቀራል፣ የፈለገ ወደ ጋራ ሣጥን ይከታል። ሣጥኑ ውስጥ የገባው በ1.6 ተባዝቶ ለአራቱም እኩል ይከፋፈላል። ሁሉም ያላቸውን ከከተቱ እያንዳንዳቸው 32 ይደርሳቸዋል። ሦስቱ ከትተው አንዱ የራሱን ቢይዝ ግን እሱ 44፣ እነሱ 24 ያገኛሉ።

ጨዋታው ሲደጋገም በመጀመሪያው ዙር ሰዎች በአማካይ ካላቸው ግማሽ ያህሉን ያዋጣሉ፤ ከዚያ በኋላ መዋጮው ዙር በዙር እየሟሸሸ ይሄዳል። ሰው ስግብግብ ስለሆነ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። እኔ ግን ይህ ፍርድ ብዙ ሰው ይበድላል ባይ ነኝ።

ኡርስ ፊሽባከር፣ ሲሞን ጌክተርና ኤርንስት ፌር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎቹን አስቀድመው ጠየቁ፦ ሌሎቹ በአማካይ ምንም ባይሰጡ ስንት ትሰጣላችሁ? 1 ቢሰጡስ? 2 ቢሰጡስ? እንዲህ እያሉ እስከ 20። ግማሽ ያህሉ የሌሎቹ መዋጮ ሲጨምር የራሳቸውን ጨመሩ፣ ሲቀንስ ቀነሱ። ሲሶ የሚጠጉት ሌላው የፈለገውን ቢሰጥ መልሳቸው ዜሮ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ጠባይ በሙያው ኮንዲሽናል ኮኦፐሬሽን ይባላል። በአማርኛ አጸፋዊ ትብብር ብንለው ይስማማል፤ አጸፋ ለደጉም ለክፉውም ይመለሳልና።

ልብ የሚባለው ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ከሌሎቹ ጥቂት ዝቅ አድርገው መስጠታቸው ነው። ሌላው 10 ሲሰጥ 8 ይሰጣሉ እንበል። በሚቀጥለው ዙር ያ 8 ለሌላው መለኪያ ይሆንና እሱም 6 ይሰጣል። በዚህ ላይ ምንም የማይሰጡት ሲታከሉበት ሣጥኑ ቶሎ ይራቆታል። አብዛኛው ተጫዋች መተባበር እየፈለገ እንኳ ያለፈው ዙር የሚቀጥለውን ይዞት ይወርዳል።

ይህ የቤተ ሙከራ ወግ ብቻ አይደለም። ዴቬሽ ሩስታጊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት በባሌ አካባቢ 49 የደን ተጠቃሚ ቡድኖችን ይመለከታል። አባላቱን ተመሳሳይ ጨዋታ አጫወቷቸው፤ የየቡድኑንም ደን ይዞታ መዘኑ። በአጸፋ የሚተባበሩ ሰዎች በበዙበት ቡድን ደኑ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በጨዋታው ውስጥ ያልሰጠን ሰው መቅጫው የራስን እጅ መሰብሰብ ብቻ ነበር፤ ጫካው ውስጥ ግን ሌላ መንገድ አለ። እነዚህ ሰዎች ከሥራቸው ጊዜ ቀንሰው ደኑን እየዞሩ ይጠብቃሉ፤ ደንብ ተላልፎ ዛፍ የሚቆርጠውንም ይደርሱበታል።