መምህሩ፣ ደራሲውና ማባዣው፦ የ«ፍትሐዊ አጠቃቀም» ታሪክ በዩናይትድ ስቴትስ ትምህርት ቤቶች

አንድ መምህር በእጁ ያለውን ብቸኛ መጽሐፍ ለተማሪዎቹ ሁሉ ለማዳረስ ሲል ጥቂት ገጾች ቢያባዛ የሙያ ግዴታውን ተወጣ ይባላል ወይስ የደራሲውን መብት ደፈረ? ይህ ጥያቄ በዩናይትድ ስቴትስ ከመቶ ሰማንያ ዓመታት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። የክርክሩ ሂደት ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሁሉ የሚሰጠው ትምህርት ስላለ፣ በዚህ ጽሑፍ ዋና ዋና ምዕራፎቹን ባጭሩ እንመለከታለን። የተለየ ምልክት ካልተደረገ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የክርክሩ መነሻ ራሱ የትምህርት ቤት መጽሐፍ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጃሬድ ስፓርክስ የተባለው ምሁር የጆርጅ ዋሽንግተንን ደብዳቤዎችና ጽሑፎች አሰባስቦ በ12 ቅጾች አሳትሞ ነበር። ቻርልስ አፐም የተባለ ጸሐፊ ደግሞ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚውል፣ ባለ 866 ገጽ የዋሽንግተን የሕይወት ታሪክ ሲያዘጋጅ 353ቱን ገጾች ከስፓርክስ ሥራ ቃል በቃል ወሰደ። ጉዳዩ በ1841 ለዳኛ ጆሴፍ ስቶሪ ቀረበ። ዳኛው፣ የተወሰደው ክፍል ዓይነትና ዓላማ፣ መጠኑና ጠቀሜታው፣ በመጀመሪያው ሥራ ሽያጭ ላይ የሚያደርሰውም ጉዳት መመዘን አለበት ካሉ በኋላ ለከሳሾቹ ፈረዱ። ውሳኔው ለትምህርት ቤቶች መጻሕፍት የማዘጋጀቱን መልካም ሥራ በመጠኑም ቢሆን ሊያደናቅፍ ስለሚችል ማዘናቸውንም ገልጸዋል። ስለሆነም የትምህርት ዓላማ ክብደት የሚሰጠው ቢሆንም ብቻውን ነጻ እንደማያወጣ ከመጀመሪያው ታውቋል።

ከዚያ በኋላ ለ135 ዓመታት ያህል ደንቡ በዳኞች ውሳኔ ብቻ ሲሠራበት ቆየ። ገጽ በእጅ ይገለበጥ በነበረበት፣ በኋላም በስቴንስል ይባዛ በነበረበት ዘመን ችግሩ እምብዛም አልጎላም። በ1959 ግን ዜሮክስ 914 የተባለው የፎቶ ኮፒ መኪና ገበያ ላይ ዋለ፤ ማንኛውም ጽሕፈት ቤት የማተሚያ ቤትን ሥራ በከፊል መሥራት ቻለ። የሕክምና መጽሔቶች አሳታሚ የሆነ ድርጅት፣ መጣጥፎቻችንን ያለ ፈቃድ እያባዙ ያድላሉ ሲል የመንግሥትን የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ከሰሰ። በ1973 ለቤተ መጻሕፍቱ ተፈረደ፤ በ1975 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አራት ለአራት ተከፍሎ ውሳኔው ባለበት ጸና። ጉዳዩ በሕግ አውጪው እልባት ማግኘት እንዳለበት ይህ አመለከተ።

በ1976 የወጣው የቅጅ መብት ሕግ «ፍትሐዊ አጠቃቀም»ን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንቀጽ 107 አሰፈረ፤ ለክፍል የሚሆኑ በርካታ ቅጂዎችንም በስም ጠቀሰ። መመዘኛዎቹም አራት ናቸው። አንደኛ፣ አጠቃቀሙ ለንግድ ነው ወይስ ለትርፍ ላልቆመ ትምህርት? ሁለተኛ፣ የተወሰደው ሥራ ምን ዓይነት ነው? ሦስተኛ፣ ከጠቅላላው ምን ያህሉና የትኛው ክፍል ተወሰደ? አራተኛ፣ የሥራው ገበያ ምን ያህል ይጎዳል? ሕጉ በቅን ልቦና ለተሳሳተ መምህርም ከለላ አድርጓል፤ አጠቃቀሙ ፍትሐዊ ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ከነበረው ፍርድ ቤቱ በሕግ ከተወሰነው ካሳ ነጻ ያደርገዋል።

በዚያው ዓመት የመምህራን፣ የደራስያንና የአሳታሚዎች ተወካዮች በቁጥር የተወሰነ መመሪያ ተስማሙ። በመመሪያው መሠረት ከ250 ቃላት ያልበለጠ ግጥም፣ ከ2,500 ቃላት ያነሰ ሙሉ መጣጥፍ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቅጂ ሊባዛ ይችላል፤ የመልመጃ ደብተርና የፈተና ወረቀት ግን አይባዛም። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የሕግ ትምህርት ቤቶች ማኅበራት መመሪያው እጅግ ጠባብ ነው በማለት ተቃወሙት። መመሪያው ያለ ሥጋት የሚፈቀደውን ዝቅተኛ መጠን የሚያመለክት ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ጣሪያ ቈጠሩት። መምህራኑም ሕጉ የማይከለክለውን ሁሉ ራሳቸው መከልከል ጀመሩ።

የፍርድ ቤቶች ውሳኔዎች በሌላ በኩል የደራሲውን ጥቅም አስታወሱ። በ1983 በካሊፎርኒያ የታየው ጉዳይ በተለይ ያስተምራል። አንዲት የቤት አያያዝ መምህርት ስለ ኬክ አሠራር ያዘጋጀችውን ትንሽ መጽሐፍ ለተማሪዎቿ ትሸጥ ነበር። ሌላ መምህርት ባዘጋጀችው ባለ 24 ገጽ የመማሪያ ጽሑፍ ውስጥ 11ዱን ገጾች ከዚያ መጽሐፍ ወሰደች፤ የደራሲዋንም ስም አልጠቀሰችም። ተከሳሿ አንድ ሳንቲም ባታተርፍም ፍርድ ቤቱ ድርጊቱ ፍትሐዊ አይደለም አለ። በ1991 እና በ1996 ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥራዝ እያባዙ የሚሸጡ የንግድ ድርጅቶች ተፈረደባቸው። በ2014 በአትላንታ የተቀመጠው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን፣ የመጽሐፍ አሥር በመቶ ወይም አንድ ምዕራፍ የሚል የተቆረጠ ልክ ማውጣት ስሕተት ነው፤ እያንዳንዱ ጉዳይ ለብቻው ይመዘን ሲል ወሰነ።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የታተመ ሥራ ለማስተማር ሲባል ቢባዛ፣ ከተገቢ ልማድና ዓላማው ከሚጠይቀው መጠን እስካላለፈ ድረስ ባለመብቱ ሊከለክል እንደማይችል ይደነግጋል፤ ምንጩና የደራሲው ስምም እንዲጠቀስ ያዛል። የገጽና የቃላት ልክ ግን አላስቀመጠም፤ ፍርዱን ለተጠቃሚው ኅሊናና ለዳኛ ትቶታል።

ዕቅድ አውጪዎች መመሪያ በሚያዘጋጁበት ጊዜ ቁጥሩ መነሻ እንጂ ጣሪያ አለመሆኑን በግልጽ ሊያሰፍሩ ይገባል። መምህሩ በበኩሉ ከማባዛቱ በፊት ራሱን ይጠይቅ፦ የምወስደው ለትምህርቱ የሚያስፈልገኝን ብቻ ነውን? የደራሲውን ስም ጽፌአለሁን? መጽሐፉ በገበያ እያለ ተማሪው እንዳይገዛው የሚያደርግ ምትክ እያዘጋጀሁ አይደለምን? ደራሲው ብዙ ጊዜ ራሱ መምህር ነው፤ የድካሙን ዋጋ ያጣ መምህር ሁለተኛ መጽሐፍ አይጽፍም። መጽሐፍ ያላገኘ ተማሪም የነገው ደራሲ ሊሆን አይችልም። የፍትሐዊ አጠቃቀም ሚዛን የቆመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።