ሩማቶይድ ፋክተር

ከቁርጥማት ደዌያት አንዱ በሆነው በሩማቶይድ አርትራይተስ ምርመራ የሚፈለግ፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ በገዛ ራሱ ፀረ እንግዳ አካል ላይ የሚያስነሣው ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ሲሆን፣ ኖርዌያዊው ሐኪም ኤሪክ ቫለር በ1940 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። ከሕሙማኑ 70 በመቶ በሚያህሉት ደም ውስጥ ቢገኝም፣ በሳንባ ነቀርሳ፣ በወባ፣ በጉበት ብግነት፣ በጤነኛ አረጋውያንም ዘንድ ስለሚታይ፣ በደሴና በወልድያ መካከል እንዳለችው መርሳ ወባ በሚያዘወትረው አገር ውጤቱ ብቻውን ፍርድ ሊሆን ከቶ አይገባውም። ደሙ ምንም ባያሳይ እንኳ፣ እጆቹ በማለዳ የሚተሳሰሩበትና ትንንሽ መገጣጠሚያዎቹ ከ6 ሳምንት በላይ ያበጡበት ሰው ያለ ሕክምና መሰናበት የለበትም። ከሩማቶይድ ፋክተር ኋላ የመጣው አንቲ ሲሲፒ የተባለው ምርመራ ይበልጥ የታመነ ምስክር ሲሆን፣ የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካል ሕመሙ ከመገለጡ ዓመታት አስቀድሞ በደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል።