የባሊና የሎምቦክ ድንበር

ብሪታንያዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1854 እስከ 1862 በዛሬዎቹ ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ደሴቶች እየተዘዋወረ የነፍሳትና የአእዋፍ ናሙና ይሰበስብ ነበር፤ ወጪውንም የሚሸፍነው ከሰበሰበው በመሸጥ ነበር። በ1856 ከባሊ ወደ ጎረቤቷ ሎምቦክ ሲሻገር፣ የአየር ንብረታቸው እምብዛም በማይለያይ ሁለት ደሴቶች መካከል የአእዋፉ ዓይነት በእጅጉ መለወጡን አስተዋለ፤ በባሊ የእስያ ወገን የሆኑ ወፎችን ሲያገኝ፣ በሎምቦክ ግን ከአውስትራሊያ ጋር የሚዛመዱትን፣ ኮካቱ የሚባሉትን ነጭ በቀቀኖችና እንቁላላቸውን በአፈርና በቅጠል ክምር ቀብረው የሚያስፈለፍሉ ወፎችን አየ።

ምክንያቱ የባሕሩ ስፋት ሳይሆን ጥልቀቱ ነው። በበረዶ ዘመን፣ ማለትም ብዙ ውሃ በበረዶ ግግር ተይዞ የባሕር ወለል በ120 ሜትር ገደማ ዝቅ ባለበት ወቅት፣ ባሊ ከእስያ ጋር በየብስ ስትገናኝ፣ ሁለቱን ደሴቶች የሚለየው ጥልቁ የሎምቦክ ሰርጥ ግን አልደረቀም፤ ስለዚህ በሁለቱ ወገን ያሉት ዝርያዎች ለረጅም ዘመን ተነጥለው የየራሳቸውን የለውጥ መንገድ ያዙ።

ስለ ዝርያዎች ለውጥ ሲነሣ ዝናው በአብዛኛው ለጋላፓጎስ ደሴቶች ቢሰጥም፣ እነዚህ ደሴቶች ከዚያ የማይተናነስ ድርሻ አላቸው። ዋላስ በ1858 ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ፣ ይኸውም ለአካባቢያቸው የተስማሙት ተርፈው ስለ መራባታቸው፣ የጻፈውን ለቻርልስ ዳርዊን የላከው ከእነዚሁ የእስያ ደሴቶች ነበርና፤ ጽሑፉም በሐምሌ ወር ከዳርዊን ጽሑፍ ጋር በለንደን ተነበበ። ድንበሩን በ1868 «የዋላስ መስመር» ብሎ የሰየመው የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ ነው።