የሬንጅ ማቅጠኛ ታሪክ

ሬንጅ ሲበርድ ይጠጥራል፣ ሲሞቅ ይፈሳል። የሜሶፖታሚያ ግንበኞች ጡብ ያጣበቁበት፣ ጀልባ ሠሪዎችም ውሃ እንዳይገባ የለቀለቁበት ዝፍት ይኸው ነው። የጥንቱ ማቅጠኛ እሳት ነበር። ከእሳት የወረደ ሬንጅ ግን ወዲያው ይወፍራል፤ በስሱ መቀባት የፈለገ ሰው የሚያሟሟ ፈሳሽ ማግኘት ነበረበት። ውሃ ለዚህ አይሆንም፤ ሬንጅ የሚሟሟው በባሕርይ በሚመስለው ዘይት ነው።

የዚህ ፍለጋ ድንቅ ፍሬ የታየው በፎቶግራፍ ነው። ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የይሁዳ ሬንጅ የሚባለውን አድቅቆ በላቬንደር ዘይት አሟሟው፤ በብረት ሰሌዳ ላይም በስሱ ቀባው። ብርሃን ያገኘው ክፍል ጠጠረ፤ ያላገኘው እንደ ለሰለሰ ቀረ። ቀጥሎ የለሰለሰውን ብቻ አጥቦ የሚያስወግድ፣ የጠጠረውን ግን የማይነካ ፈሳሽ አስፈለገ። ለዚህ ንጹሕ የላቬንደር ዘይት ከልክ በላይ ኃይለኛ ነው። ኒየፕስ አንድ እጅ የላቬንደር ዘይት በ10 እጅ ነጭ ፔትሮሊየም አቀጠነ። በካሜራ ከተነሡትና እስከ ዛሬ ከቆዩት ፎቶግራፎች ሁሉ ቀዳሚው የተገኘው በዚህ ዘዴ ነው።

መኪና ሲበዛና የመንገዱ አቧራ ሲያስቸግር፣ ጥያቄው ወደ መንገድ ሥራ ተሻገረ። ቤንዚን፣ ላምባና ናፍጣ ሦስቱም ሬንጅን ያሟሙታል፤ ምርጫውን የሚወስነው ከተቀባ በኋላ ነዳጁ በምን ፍጥነት ተንኖ እንደሚሄድ ነው። በቤንዚን የቀጠነው ፈጥኖ ይደርቃል፣ በናፍጣ ወይም በከባድ ዘይት የቀጠነው እጅግ ይዘገያል፣ በላምባ የቀጠነው መካከለኛ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ስለሚሰጥ፣ ከጋለ ሬንጅ ጋር መቀላቀሉ ለሠራተኛ ሕይወት አደገኛ ነው። በመንገድ ጠጠር ላይ ለሚረጨው ሬንጅ ላምባ የተሻለ ነው፤ ወደ ጠጠሩ ለመስረግ ጊዜ ይሰጠዋል።

ከ1973 (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ቀውስ በኋላና የአየር ብክለት ሕጎች ሲጠብቁ፣ ብዙ አገሮች ሬንጅን በውሃ ውስጥ በደቃቁ ወደሚበትነው ኢመልሽን አዘነበሉ። በኢትዮጵያ ግን በላምባ የቀጠነውና ኤምሲ 30 የሚባለው ሬንጅ ለፕራይም ኮት ያገለግላል። አዲስ መንገድ ላይ ከአስፋልቱ በፊት በተጠቀጠቀው ጠጠር ላይ የሚረጨው ጥቁር ፈሳሽ እርሱ ነው። ላምባው ሳይተን አስፋልት ከተነጠፈበት፣ ከሥር የታፈነው ላምባ ንጣፉን ያላላዋል።