ወደ ተርሜዝ የሚያደርሱ መንገዶች፤ የአሙ ዳርያ መሻገሪያና የድንበር ታሪክ

ተርሜዝ በኡዝቤኪስታን ሪፑብሊክ ደቡባዊ ጠረፍ፥ በአሙ ዳርያ ወንዝ ቀኝ ዳር የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። ከወንዙ ማዶ ያለው አገር አፍጋኒስታን ነው። ግሪኮች ኦክሰስ፥ ዐረቦች ጀይሁን ብለው የጠሩት ይህ ወንዝ ከፓሚር ተራሮች ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲወርድ፥ ከጥንት ጀምሮ የኢራንንና የሕንድን ዓለም ከቱርክስታን ሜዳ የሚለይ ወሰን ሆኖ ተቆጥሯል።

ስለ ሳማርካንድና ስለ ቡኻራ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ተርሜዝ የተጻፈው ግን ከእነዚያ ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የከተማይቱን ታሪክ በሙሉ ለመተረክ ሳይሆን፥ ሰዎች በየዘመኑ ወደ እርስዋ በምን መንገድ ይደርሱ እንደ ነበረ ለመመርመር ነው። ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም፥ ከበስተኋላው አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ። ይኸውም አንድን መሻገሪያ ድንበር የሚያደርገው ምንድር ነው የሚለው ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ወንዝና ተራራ በተፈጥሮአቸው ሕዝብን ከሕዝብ ይለያሉ ይላሉ። የተርሜዝ ታሪክ ይህን አሳብ የሚደግፍ ሆኖ አይገኝም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይበል።

፩. የቦታው ጠባይ

ተርሜዝ በሁለት በሮች መካከል ያለች ከተማ ናት ለማለት ይቻላል። የደቡቡ በር ወንዙ ነው። አሙ ዳርያ በበጋው ወራት የፓሚር በረዶ ሲቀልጥ እጅግ ይሞላል፤ ብዙ ደለል ስለሚሸከምም መውረጃውን አዘውትሮ ይለውጣል። እንዲህ ባለ ወንዝ ላይ ዳሩ ጽኑ የሆነ መሻገሪያ ማግኘት ቀላል አይደለም። የጥንቷ ተርሜዝ ምሽግ ከወንዙ አፋፍ ላይ የተሠራውም መሻገሪያውን ለመጠበቅና ከሚሻገረው ሰው ቀረጥ ለመቀበል ነበር።

የሰሜኑ በር ደግሞ በባይሱን ተራሮች ውስጥ ያለው፥ ከጥንት ጀምሮ «የብረት በር» ተብሎ የተጠራው ጠባብ ሸለቆ ነው። ከሳማርካንድ ወደ ደቡብ የሚወርድ ነጋዴም ሆነ ጦር በዚህ ሸለቆ አልፎ ወደ ተርሜዝ ሜዳ ይገባል። እንግዲህ ሸለቆውንና መሻገሪያውን የያዘ ገዢ የሁለቱን አገሮች ንግድ በእጁ ያደርግ ነበር።

፪. በእግር፥ በእንስሳና በጀልባ

ታላቁ እስክንድር በ329 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ይህን ወንዝ በተሻገረ ጊዜ ጠላቶቹ ጀልባዎቹን ሁሉ አቃጥለው ነበር። ስለዚህ ወታደሮቹ የድንኳናቸውን ቆዳ እንደ አቁማዳ ሰፍተው ጭድ ሞሉበትና በእርሱ ላይ ተንሳፈው በአምስት ቀን ውስጥ ተሻገሩ። የተሻገሩበት ስፍራ ኬሊፍ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ተርሜዝ ነው የሚሉም አሉ። ይሁን እንጂ ለነገራችን የሚጠቅመው ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት ነው። ወንዙ ምንም ሰፊ ቢሆን ቁርጥ ያሰበውን ሰው አላገደውም።

ከዚያ በኋላ በኩሻን ነገሥታት ዘመን የቡድሃ ሃይማኖት ከደቡብ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ተርሜዝ ገባ። ካራ ቴፔና ፋያዝ ቴፔ በተባሉት ስፍራዎች በቁፋሮ የተገኙት ገዳማት ለዚህ ምስክሮች ናቸው። በካራ ቴፔ በተገኙት የሸክላ ዕቃዎች ላይ በሕንድ ፊደሎችና በባክትርያ ቋንቋ የተጻፉ ጽሑፎች መታየታቸው፥ የወንዙ ሁለት ዳሮች በዚያ ዘመን አንድ አገር እንደ ነበሩ በግልጥ ያስረዳል። በ630 ዓ.ም. ገደማ ሕዋን ጻንግ የተባለው ቻይናዊ መነኵሴ ወደ ሕንድ ሲሄድ በብረት በር አልፎ ተርሜዝ ደረሰ። ስለ ሸለቆውም ሲጽፍ፥ በሩ በብረት የተለበጠና ደወሎች የተንጠለጠሉበት መሆኑን ይናገራል። በከተማይቱ ዐሥር ያህል ገዳማትና አንድ ሺህ የሚሆኑ መነኮሳት እንደ ነበሩም መዝግቧል።

በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሙሳ ኢብን ዐብደላህ የተባለ ዐመፀኛ የዐረብ መስፍን ተርሜዝን ይዞ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ከኸሊፋው መንግሥት ተለይቶ ኖረ። ይህን ለማድረግ የቻለው የምሽጉና የወንዙ ጥንካሬ ስለ ረዳው ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማይቱ የእስልምና ትምህርት ማእከል ሆነች፤ በ892 ዓ.ም. የሞተው የሐዲስ ሊቅ አት ቲርሚዚ ስሙን ያገኘው ከእርስዋ ነው። በ1220 ዓ.ም. ግን የጄንጊስ ካን ጦር ከተማይቱን አጠፋት። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ኢብን ባጡጣ በመጣ ጊዜ፥ በወንዙ ዳር የነበረችው አሮጌ ከተማ ፈርሳ አዲሲቱ ከወንዙ ራቅ ብላ ተሠርታ አገኛት። ሕዝቡ በመታጠቢያ ቤት ራሳቸውን በወተት ይታጠቡ እንደ ነበረም ጽፏል። ከተማይቱ ስፍራዋን ብትለውጥም ከመሻገሪያው ርቃ አልሄደችም። ሕይወትዋ ከመሻገሪያው ጋር የተያያዘ ስለ ነበር ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን የካስቲልያ ንጉሥ ወደ ቲሙር የላከው መልእክተኛ ክላቪሆ ነው። ክላቪሆ በ1404 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሳማርካንድ አለፈ። እርሱ እንደሚለው ቲሙር ከሠራዊቱ ጋር ለመሻገር ሲፈልግ በእንጨትና በጀልባ ድልድይ ያሠራል፤ ካለፈ በኋላ ግን ድልድዩ እንዲፈርስ ያዝዛል። ለሌላው ሰው የቀረው ጀልባ ነው። ከደቡብ ወደ ሳማርካንድ የሚገባ ሰው ሁሉ ያለ ጥያቄ ያልፋል፤ ከሳማርካንድ ወደ ደቡብ የሚወጣ ግን ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ የሚገልጥ የይለፍ ወረቀት ካላሳየ አይሻገርም። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ቲሙር ከድል አገሮች ሁሉ የእጅ ባለሙያዎችን ማርኮ ወደ ሳማርካንድ አፍልሶ ነበርና፥ እነዚህ ሰዎች ወደ አገራቸው እንዳያመልጡ በመሻገሪያው ጠባቂ ቆመባቸው። ለነጋዴው ክፍት የሆነው ያው መልካ ለምርኮኛው የወኅኒ ደጅ ሆነ ማለት ነው።

፫. በመርከብና በባቡር

ሩስያና እንግሊዝ በ1873 ዓ.ም. ባደረጉት ስምምነት አሙ ዳርያ የአፍጋኒስታን ሰሜናዊ ድንበር እንዲሆን ተወሰነ። በዚህ ስምምነት የወንዙ ዳር ነዋሪዎች አሳብ አልተጠየቀም። በሁለቱም ዳር የሚኖሩት ኡዝቤኮች፥ ታጂኮችና ቱርክሜኖች በቋንቋና በዝምድና የተያያዙ ሕዝቦች ሲሆኑ፥ ከዚያ ወዲህ በሁለት መንግሥት ሥር ተከፈሉ። በ1895 ዓ.ም. የቡኻራ ኤሚር ግዛት በሩስያ የጉምሩክ ክልል ውስጥ ሲገባ፥ ቀረጡ የሚጠየቅበት ስፍራ ወደ ወንዙ ዳር ወረደ። ሩስያውያንም በዚያው ዘመን መጨረሻ በተርሜዝ ምሽግ ሠርተው ጦር አሰፈሩ።

በዚህ ጊዜ ወደ ተርሜዝ የሚያደርሰው ዋናው መንገድ ወንዙ ራሱ ነበር። የካስፒያን ማዶው የባቡር መንገድ በ1886 ዓ.ም. ቻርጁይ ስለ ደረሰ፥ ተጓዡ እስከዚያ በባቡር ሄዶ ከዚያ በእንፋሎት መርከብ ወንዙን ሽቅብ ይወጣ ነበር። ሆኖም መርከቦቹ በደለል ላይ እየተቀመጡ ብዙ ይቸገሩ ነበር። ይህን ችግር ያስወገደው ከ1914 እስከ 1916 ዓ.ም. የተሠራው፥ ከቡኻራ አጠገብ ተነሥቶ በቃርሺ በኩል ወደ ተርሜዝ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ ነው። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ሐዲዱ ከተርሜዝ ወደ ዱሻንቤ ተቀጠለ።

የሐዲዱ መሐንዲሶች የብረት በርን ዳገት ትተው የወንዙን ዳር ሜዳ መረጡ። ምርጫው በጊዜው ብልኅነት ነበር። በ1924 ዓ.ም. የሶቪየት መንግሥት የኡዝቤክንና የቱርክሜን ሪፑብሊኮች ሲያቋቁም ግን፥ የሐዲዱ ከፊል በቱርክሜን ክልል ውስጥ ቀረ። አንድ መንግሥት ሁለቱንም እስከ ገዛ ድረስ ይህ ለተጓዡ ምንም ለውጥ አላመጣበትም። በ1991 ዓ.ም. ሁለቱ ነጻ አገሮች በሆኑ ጊዜ ግን ከታሽኬንት ወደ ተርሜዝ የሚሄድ የኡዝቤክ ባቡር የሌላ መንግሥት መሬት ማቋረጥ ግድ ሆነበት። ስለዚህ ኡዝቤኪስታን ከታሽጉዛር በባይሱን በኩል እስከ ኩምኩርጋን 223 ኪሎሜትር አዲስ ሐዲድ ሠርታ በ2007 ዓ.ም. ከፈተች። ባቡሩም መነኵሴው ሕዋን ጻንግ ወደ ሄደበት ወደ ተራራው መንገድ ተመለሰ። ወደዚያ የመለሰው ድንበሩ ነው እንጂ ተራራው ዝቅ ብሎ አይደለም።

፬. ድልድዩ

በሶቪየት ዘመን ተርሜዝ የውጭ አገር ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ የማይገባባት ዝግ ከተማ ነበረች። በታኅሣሥ ወር 1979 ዓ.ም. የሶቪየት ጦር በተርሜዝ ተንሳፋፊ ድልድይ ዘርግቶ ወደ አፍጋኒስታን ገባ። በ1982 ዓ.ም. ደግሞ 816 ሜትር ርዝመት ያለው፥ ለመኪናም ለባቡርም የሚሆነው «የወዳጅነት ድልድይ» ተመረቀ። ከስሙ ይልቅ ሥራው የጦር ስንቅና መሣሪያ ማሳለፍ ነበር። በየካቲት 15 ቀን 1989 ዓ.ም. የመጨረሻው የሶቪየት አዛዥ ጄኔራል ግሮሞቭ ወደ አገሩ የተመለሰው በዚሁ ድልድይ ላይ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የታሊባን ጦር ወደ ማዛሪ ሻሪፍ ሲቃረብ ኡዝቤኪስታን ድልድዩን ዘጋች፤ የተከፈተውም በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ነው። እነሆ፥ በዚህ ሁሉ ጊዜ ድልድዩ አልፈረሰም፤ ወንዙም አልሞላም። ቲሙር ድልድዩን በማፍረስ ያደረገውን የዘመናችን መንግሥታት በአንድ ቁልፍ አደረጉት። ከማዶ በኩል ካለችው ከሃይራታን እስከ ማዛሪ ሻሪፍ 75 ኪሎሜትር የሚሆነው ሐዲድ በ2010 ዓ.ም. ተሠርቶ ስላለቀ፥ በድልድዩ ላይ የሚያልፈው ባቡር ከዚያ ወዲህ ወደ አፍጋኒስታን ውስጥ ለመግባት ቻለ። በነሐሴ 2021 ዓ.ም. የካቡል መንግሥት ሲወድቅ ብዙ የአፍጋን ወታደሮች በዚሁ በኩል ለመሸሽ ሞክረዋል።

፭. የዛሬው ተጓዥ

ዛሬ ወደ ተርሜዝ ለመድረስ የሚሻ ተመራማሪ አራት መንገዶች አሉት። ከታሽኬንት በአውሮፕላን መብረር የመጀመሪያው ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ከ2002 እስከ 2015 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ለአፍጋኒስታን ዘመቻ የተጠቀመበት ነው። ሁለተኛው በሳማርካንድና በአዲሱ የባይሱን ሐዲድ የሚያልፈው ባቡር ነው። ሦስተኛው ከታሽኬንት 700 ኪሎሜትር ያህል የሚሆነው የመኪና መንገድ ሲሆን፥ የብረት በርን አካባቢ በዓይኑ ለማየት ለሚፈልግ ሰው የሚመረጠው ይህ ነው። አራተኛው ከታጂኪስታን በኩል የሚመጣው ነው። ከተርሜዝ ወደ ደቡባዊ ታጂኪስታን የሚሄደው ሐዲድ በ2011 ዓ.ም. ተቋርጦ ነበር፤ ሁለቱ መንግሥታት ሲታረቁ በ2018 ዓ.ም. ተከፈተ። ከደቡብ በድልድዩ የሚመጣው መንገድ ግን እንደ ተጓዡ ፓስፖርት የሚለያይ ስለ ሆነ ከአራቱ ጋር አልቈጠርነውም። በ2024 ዓ.ም. በድልድዩ አጠገብ የንግድ ማእከል ሲከፈት፥ አፍጋናውያን ነጋዴዎች ያለ ቪዛ እስከ 15 ቀን በዚያ እንዲቈዩ ተፈቅዷል፤ የፈቃዱ ወሰን ግን የማእከሉ አጥር ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፥ የመጓጓዣው ዓይነት ከአቁማዳ እስከ አውሮፕላን ቢለዋወጥም የመሻገሪያው ስፍራ ያው ሆኖ ኖሯል፤ በዚህ ረገድ የመልክዐ ምድሩ ኀይል የሚካድ አይደለም። ሁለተኛ፥ መንገዱ ለማን እንደሚከፈትና በማን ላይ እንደሚዘጋ የወሰነው በየዘመኑ የነበረው ሥልጣን ነው። ወንዙ በኩሻን ዘመን ሁለቱን ዳሮች አገናኘ፤ በቲሙር ዘመን ወደ አንድ ወገን ብቻ አሳለፈ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዘጋ፤ ዛሬም በከፊል ይከፈታል። ስለዚህ የጠረፍ ሕዝቦችን ባህል የሚያጠና ሰው ካርታውን ብቻ ተመልክቶ ወንዙ ለያቸው ብሎ መፍረድ አይገባውም። አስቀድሞ የይለፍ ወረቀቱን ማን እንደ ጻፈው፥ ቀረጡንም ማን እንደ ተቀበለ ይጠይቅ። በወንዙ ማዶና ማዶ ያሉት ዘመዳሞች ቋንቋቸውንና የቤተ ሰብ ሐረጋቸውን እስከ ዛሬ ጠብቀው መገኘታቸው የዚህ ጥያቄ አስፈላጊነት ማስረጃ ነው።