ኢንስፔክተሩ ሲመጣ

መምህር ሲያስተምር ከኋላ ቁጭ ብሎ የሚከታተለውን ሰው ምን ብለን እንጥራው? ቀደም ሲል «ኢንስፔክተር» ይባል ነበር፤ ኋላ «ሱፐርቫይዘር» መጣ። ሥራውም አንድ ጊዜ «ቁጥጥር»፣ አንድ ጊዜ «ግምገማ»፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «የክፍል ምልከታ» ይሰኛል። ኑሮው ትርጉም ለሆነ ሰው እነዚህ ቃላት አንድ አይደሉም፤ ተመልካች ሊረዳም ይችላል፣ ተቆጣጣሪ ግን ጉድለት ፍለጋ ይመጣል።

በእኛ የቤተ ክህነት ትምህርት ምዘናው ጉባኤ ከመዘርጋት ይቀድማል። ድጓ የተማረ ሰው ጋይንት ወርዶ ቤተልሔም ያስመሰክራል። ከዚያ ወዲያ የመምህሩ ዳኛ ተማሪው ራሱ ነው፤ ካልረካ አኮፋዳውን አንግቶ ሌላ መምህር ፍለጋ ይሄዳል። በመንግሥት የሚላክ ተመልካች ግን የዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጅ ነውና ጠባዩን ለመረዳት የእንግሊዝን ታሪክ ማየት ይበጃል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእንግሊዝ መንግሥት በ1833 ለትምህርት ቤቶች ግንባታ 20,000 ፓውንድ መደበ፤ በ1839 ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኢንስፔክተሮች ሾመ። በማግሥቱ ዓመት የወጣላቸው መመሪያ ዛሬም ሲነበብ ያስደንቃል፤ የመጡት ለመቆጣጠር ሳይሆን ለማገዝ መሆኑን እንዳይዘነጉ ያሳስባል። መምህራኑ በአመዛኙ ያልሠለጠኑ ነበሩና ከአንዱ መንደር ያየውን መልካም ዘዴ ለሌላው የሚያደርስ እንግዳ ያስፈልጋቸው ነበር።

ይሁንና ወጪው እያደገ ሲሄድ ፓርላማው «ገንዘቡ ምን አፈራ?» ማለት ጀመረ። የትምህርቱ ኃላፊ ሮበርት ሎው በ1862 አዲስ ደንብ አወጡ። ሥርዓቱ «በውጤት መክፈል» ተባለ፤ አሠራሩም እንደ ገበያ ሂሳብ ነው። ዕድሜው ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ፣ በትምህርት ገበታው ላይ በበቂ ሁኔታ የተገኘ እያንዳንዱ ልጅ ለትምህርት ቤቱ 8 ሺሊንግ ያስገኛል። ኢንስፔክተሩ ሲፈትነው በንባብ ቢወድቅ 2 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ይቀነሳል፤ በጽሕፈት ቢወድቅ ያው፣ በሂሳብም ያው። በሦስቱም የወደቀ ልጅ ስምንቱንም ሺሊንግ ያሳጣል። መንግሥት ለመምህራን በቀጥታ ይሰጠው የነበረው ድጎማ ስለቀረ፣ የብዙዎቹ ደመወዝ በዚህ ገንዘብ ላይ ተንጠለጠለ።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ኢንስፔክተሩ ከዚያ በኋላ መምህሩን ሲያስተምር ማየቱን ተወ ማለት ይቻላል። ጊዜው የሚያልቀው የስም ዝርዝር ይዞ ልጆቹን አንድ በአንድ በመፈተን ነበር። መምህሩም የሚመዘነው በልጁ አንደበት ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ለዚያች አንዲት ቀን ማሰናዳት ያዘ። ልጆች የንባብ መጽሐፋቸውን በቃል ያጠኑት ነበር፤ ታሪክና ጂኦግራፊ ገንዘብ ስለማያስገኙ ወደ ዳር ተገፉ። ጎበዙ ልጅ ማለፉ አያጠራጥርምና ይተዋል፤ ደካማው ግን እስኪያልፍ ድረስ ይነዘነዛል።

ይህን ከውስጥ ሆኖ ያየው ባለቅኔው ማቲው አርኖልድ ነው። ከ1851 እስከ 1886 በኢንስፔክተርነት አገልግሏል። ደንቡን ገና ሲወጣ በጽሑፍ ተቃወመው፤ በ1867 ዘገባውም፣ ልጆችን ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ሳያውቁ ፈተናውን እንዲያልፉ ማድረግ እንደሚቻል ለአለቆቹ አመለከተ። እንጀራውን ከሚበላበት መሥሪያ ቤት ጋር እንዲህ መናገር ቀላል አይደለም። አልሰሙትም፤ በ1888 ሲሞትም ሥርዓቱ እንደቆመ ነበር።

ከ1890 ጀምሮ ደንቡ ላላ፤ በ1897 ፈጽሞ ቀረ። ልማዱ ግን አብሮት አልሄደም። ዋና ኢንስፔክተር የነበረው ኤድመንድ ሆምዝ ጡረታ ከወጣ በኋላ በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዚያ ሥርዓት የተቀረጹ መምህራን ነፃነቱ ሲሰጣቸው ምን እንደሚያደርጉበት ግራ እንደገባቸው ጽፏል፤ ሠላሳ ዓመት ያህል በሌላ ሰው ዓይን ሲያስተምሩ ኖረዋልና።