ምስሉ ጠፍቶ ድምፁ የቀረ ፊልም

ካርሎስ ጋርዴል የሚለውን ስም ከአርጀንቲና የመጡ ጎረቤቶች ካሏችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። ፈረንሳይ አገር ቱሉዝ ውስጥ ተወልዶ፣ ቦነስ አይረስ ውስጥ በእናቱ እጅ ያደገ የታንጎ ዘፋኝ ነው። እሱ የሠራው አንድ አጭር ሙዚቃዊ ፊልም ጠፍቷል። ይህን ታሪክ የማነሳው ግን ለጋርዴል ብዬ ብቻ አይደለም፤ እኛንም ስለሚመለከት ነው።

ፊልሙ «ላ ካሳ ኤስ ሴሪያ» ይባላል፤ «ቤቱ የጨዋ ነው» እንደማለት ነው። የተቀረጸው በፓሪስ አጠገብ ባለው የዦዋንቪል ስቱዲዮ ሲሆን ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ያኔ ፊልም መናገር ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። በሌላ ቋንቋ ድምፅ መተካት ገና ስላልተለመደ ፓራማውንት በዚያ ስቱዲዮ ፊልሞችን ከአሥር በሚበልጡ ቋንቋዎች ይሠራ ነበር። ለስፓኒሽ ተናጋሪው ገበያ ጋርዴል ተፈለገ፤ ኢምፔሪዮ አርጀንቲና የምትባለው ተዋናይና ዘፋኝም አብራው ሠራች። የጻፈው አልፍሬዶ ሌ ፔራ ነው።

ዛሬ ከዚህ ፊልም የሚታይ ነገር የለም፤ የሚሰማ ግን አለ። ምስሉ ጠፍቶ ድምፁ ተርፏል።

እንዴት ጠፋ ብትሉ፣ በዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራው ናይትሬት ከሚባል ነገር ነበር። ቶሎ በእሳት ይያያዛል፤ በደንብ ካልተቀመጠም በራሱ ጊዜ ይበሰብሳል። ውስጡ ያለውን የብር ማዕድን ለማውጣት ሲባል ሆን ተብሎ የተደመሰሰ ፊልምም ብዙ ነው። አጭር ፊልም ደግሞ ከዋናው ፊልም በፊት የሚታይ ማሟያ ስለነበር ብዙ ሰው ይቀመጥ ብሎ አያስብለትም። እነዚያው ሁለት ዘፋኞች በዚያው ስቱዲዮ የሠሩት ረጅሙ ፊልም «ሜሎዲያ ዴ አራባል» እስከ ዛሬ አለ።

የጋርዴል ሸክላዎችስ ለምን ቀሩ? በብዛት ታትመው በየሰዉ ቤት ስለገቡ ነው። በአርጀንቲና ያሳትምለት የነበረው ማክስ ግሉክስማን ከቼርኖቪትስ የተሰደደ አይሁዳዊ ነበር። አንዱ ቤት ሸክላው ቢሰበር ሌላው ቤት ይገኛል። የፊልም ቅጂ ግን ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ታይቶም ወደ አከፋፋዩ ይመለሳል።

አሁን ድምፁን ስናዳምጥ ምን እናውቃለን? ዘፈኑን፣ አነጋገሩን፣ መልስ ሲዘገይ ያለውን ዝምታ እንሰማለን። ፊቱን አናይም። ፊልሙ ደግሞ አስቂኝ ነው፤ የቀልድ ግማሹ ያለው ፊት ላይ ነው። ያንን ግማሽ ከራሳችን ፈጥረን መሙላት አንችልም።

እኔ ትልቅ የምለው ነገር ግን ሌላ ነው። ይህ ድምፅ ለታሪክ የሚጠቅመው ማን እንደተናገረ፣ የት እና መቼ እንደተቀዳ ስለሚታወቅ ነው። ያ ባይኖር ኖሮ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሲነጋገሩ ከመስማት አናልፍም ነበር።

በየቤታችን ያሉትን አሮጌ ካሴቶች አስቡ። ከኢትዮጵያ የተላከ ሰላምታ ሊሆን ይችላል፣ የሠርግ ዘፈን፣ የቄስ ጸሎት፣ ወይም በሱዳን ስላለፉበት መንገድ አንድ ሽማግሌ ያወሩት። ብዙዎቹ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ቢጻፍም «ሠርግ» ከሚል አያልፍም። የማን ሠርግ? የየት አገር ሰዎች ናቸው? ይህን ቴክኖሎጂ አይመልስልንም። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ጥሩ ነው፣ ግን የሚናገሩትን ሰዎች ስም አይነግረንም። ስሙን የሚያውቁት አባባና እማማ ናቸው።

አማርኛው ወይም ትግርኛው ቢከብዳችሁም ይህን ሥራ መሥራት ትችላላችሁ። አብራችኋቸው ቁጭ በሉና አዳምጡ። የተናጋሪውን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ ዓመቱን በዕብራይስጥም ቢሆን ጻፉ። ዓመቱን በትክክል ካላስታወሱት «ከዓሊያ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱን ከካሴቱ ጋር አኑሩት፤ አንድ ቅጂም ለሌላ ዘመድ ስጡ፣ ምክንያቱም አንድ ቤት ብቻ ያለ ነገር ቶሎ ይጠፋል።